አረንጓዴው ጣራና የጋሽ እንድሪስ ፊርማ

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ ቤት አሠራ። ቆርቆሮው ከመኪና ሲወርድ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ አየሁት፤ ቀይ ቀለሙን ፋብሪካ ውስጥ ተቀብቶ ነው የመጣው። ሁለት ወጣቶች ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ጣራውን ከድነው፣ መሰላላቸውን ተሸክመው ሄዱ። ማንም አላጠበው፣ ማንም ውሃ ረጭቶ አላየው። ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞሮ፣ «አባባ፣ እንዴት ነው? አማረ?» አለኝ። «አማረ» አልኩት። ማማሩን አልክድም። ግን ወደ ቤት ገብቼ ቀኑን ሙሉ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ዋልኩ። ባለቤቴ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ ቁርጥማት ነው አልኳት። ቁርጥማት አልነበረም። ጋሽ እንድሪስ ናፍቀውኝ ነበር።

በወጣትነቴ ቀለም ቀቢ ሲባል ሰው የሚያስበው ግድግዳ ነበር። እኔም ግድግዳ ቀቢ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ኖራ በባልዲ በጥብጬ፣ በዓል ሲደርስ የሰው ቤት ነጭ እያደረግሁ የምኖር የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ። ደርግ በገባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዓመት፣ ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም የእህል መጋዘኑም ቆርቆሮ እየለበሰ ሲሄድ፣ የሕንፃ ጥገና ክፍሉ ሰው ፈለገና ተቀጠርኩ። ስለ ደሞዙና ስለ ደረጃ ዕድገቱ የማወራው የለኝም፤ ያልተማረው በአውራ ጣቱ፣ የተማረው በብዕሩ እየፈረምን ተቀብለናል።

በመጀመሪያው ቀን ግቢው ውስጥ መሬት ላይ የተነጠፈ አዲስ ቆርቆሮ አሳዩኝ። እኔም ሥራ አዋቂ መስዬ ለመታየት ቸኩዬ የቀለሙን ጣሳ በመፍቻ ከፈትኩ። አንድ ቀጭን ረጅም ሰው፣ ነጭ ቆብ ከሰማያዊ ቱታ ጋር ያደረጉ፣ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ልቀባው ነዋ።»

«እጅህን ስጠኝ።» መዳፌን ያዙና ቆርቆሮው ላይ ጫን አድርገው አሻሹት። ከዚያ ከኪሳቸው የጋዜጣ ቁራጭ አውጥተው መዳፌን እሱ ላይ ለጠፉት። ወረቀቱ ላይ ጣቶቼ አንድ በአንድ ወጡ፤ የቅባት እድፍ ነው። «አየህ? በመንገድ እርጥበት እንዳያበላሸው ፋብሪካው ቅባት ቀብቶ ነው የሚልከው። ቅቤ የተቀባ ራስ ላይ ቀለም ይይዝልሃል? ክደነው ጣሳውን።»

ከደንኩት። ጋሽ እንድሪስን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው።

የአልዩ አምባ ሰው ነበሩ። አባታቸው ነጋዴ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ንግዱ አልሆነላቸውም። «ሚዛን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ብሩሽ ስይዝ ቀጥ ይላል። ምን ላድርግ?» ይሉ ነበር። ቤታቸውም ልጆቻቸውም እዚያው ቆላው አፋፍ ላይ ናቸው፤ ደብረ ብርሃን አንድ ክፍል ተከራይተው እየኖሩ በሁለት በሦስት ሳምንት ይወርዳሉ። ሲመለሱ ሁልጊዜ አንድ ከረጢት ሎሚ ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ የምግብ መስሎኝ ነበር። ለካ ለቆርቆሮው ነው።

ሥራው እንዲህ ነው። ጊዜ ካለ አዲስ ቆርቆሮ አይነካም፤ አንድ ክረምት ዝናብ ይምታው፣ አንድ በጋ ፀሐይ ያግኘው ይባላል። ያኔ ቅባቱም ይለቃል፣ ብርሃኑም ይደበዝዛል፣ ቀለም የሚይዝበት ሻካራ ገላ ያወጣል። በእኛ ዘመን ግን ጊዜ የሚሰጠን ኃላፊ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ለበዓል ይድረስ ይባል ነበር። ስለዚህ ይታጠባል። እንዶድ ወቅጠን፣ ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈን፣ በሣር ብሩሽ ከላይ ወደ ታች ቦዩን ተከትለን እንፈገፍጋለን። የሽቦ ብሩሽ ጋሽ እንድሪስ አያስነኩም። «ዚንኩ የቆርቆሮው ቆዳ ነው። ቆዳውን ገፈህ ልብስ ልታለብሰው ነው?» ይላሉ። ከእንዶዱ በኋላ በውሃ ይለቀለቃል። ቀጥሎ ሎሚው ይመጣል። ጭማቂውን በዓይናቸው መጥነው በውሃ ያቀጥኑና በጨርቅ ያስነኩታል። የሚያንጸባርቀው ብረት ትንሽ ቆይቶ አመድማ ይሆናል። እዚያ ላይ ሰዓቱን ማወቅ ነው ጥበቡ፤ ሎሚው ላዩ ላይ ከደረቀ መልሶ ቆርቆሮውን ይበላዋል። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ፣ ክንድ ክንድ በሚያህል ቦታ እያስነኩ ወዲያው ማጠብ ነው።

ሌሎቹ ቀቢዎች በሎሚው ፋንታ የጠላ አተላ ይጠቀሙ ነበር፤ ይኮመጥጣልና ለእሱም አይሰንፍም። ጋሽ እንድሪስ ግን አተላ በእጃቸው አይነኩም። «እናንተ ቆርቆሮውን አስክራችሁ ቅቡት፤ እኔ ጨዋ ሆኖ ነው የምፈልገው» እያሉ ያስቁን ነበር። እጄ ተሰነጣጥቆ ሎሚው ሲለበልበኝ ደግሞ ቅቤ ሰጥተውኝ፣ የጎማ ጓንት ከመጋዘን እስክናገኝ ድረስ በጨርቅ ይጠቀልሉልኝ ነበር። ዓይን ላይ እንዳይረጭ ቆብህን ወደ ታች ሳብ፤ ነፋሱን ከኋላህ አድርግ፤ ቀለም ማቅጠኛ ከተከፈተ በአጠገቡ ሲጋራ የለም። እነዚህን በየቀኑ፣ እንደ አዲስ፣ ልክ ትናንት እንዳልነገሩኝ አድርገው ይነግሩኝ ነበር። ያኔ ያናድደኝ ነበር።

ታጥቦ ሲያልቅ አንድ ጣሳ ንጹሕ ውሃ ይዘው ወደ ላይ ይወጡና ከአናቱ ላይ ያፈሱታል። ውሃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ከወረደ ቅባቱ አልለቀቀም፤ እንደገና እንዶድ። ውሃው ዝርግት ብሎ እንደ ስስ ጨርቅ ከተኛ ግን ፊታቸው ይበራል። «ተኛ! አልሐምዱሊላህ፣ ተኛ!» ይላሉ። ይህችን ቃል ሲሉ ለመስማት ብዬ ብቻ ተግቼ ያጠብኩበት ቀን ብዙ ነው።

ሌላ አንድ ልማድ ነበራቸው። የትም ሄደን መሰላል ከመደገፋችን በፊት አሸንዳው ወዴት እንደሚወርድ ያያሉ፤ ከዚያ የአካባቢውን ሰው ጠርተው «ከዚህ ጣራ ማን ይጠጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። በደጋው ምንጭ ሩቅ የሆነበት ብዙ ቦታ ሰው ክረምቱን በበርሜል ያቁራል። የሚጠጣ ሰው ካለ ያቺ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለባት፣ ከሥር የምትቀባው ቀይ መሠረት ቀለም ወደ መኪናው ትመለሳለች፤ ኃላፊው ቢቆጣም ትመለሳለች።

ጣራ ላይ ሁለት ሆነን ነው የምንሠራው፣ በአንድ ገመድ። ገመዱ በጣራው አናት ላይ ያልፋል፤ አንዱ ጫፍ በእኔ ወገብ፣ ሌላው በእሳቸው። እኔ በዚህኛው ፊት፣ እሳቸው በወዲያኛው። አንታይም። እኔ ወደ ታች ስወርድ እሳቸው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የአንዳችን ክብደት የሌላችን መያዣ ነው። ቀኑን ሙሉ በገመዱ ነው የምንነጋገረው፤ አንዴ ሳብ ሲያደርጉ ቁም፣ ሁለቴ ሲሆን እንውረድ። መዘዞ የእህል መጋዘን ላይ ጤዛ ረግጬ ተንሸራተትኩ። እግሬ ከጣራው ጠርዝ ውጭ ሲንጠለጠል ወገቤ ላይ ገመዱ ግጥም አለ። ከወዲያ ማዶ «ቢስሚላህ!» የሚል ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት። መሰላል መጥቶልኝ ከወረድኩ በኋላ ዞሬ ሄጄ አየኋቸው። ሁለት እግራቸውን ሚስማሩ መስመር ላይ ተክለው ቁጭ ብለዋል፤ መዳፋቸው ተልጧል። የተናገሩት ነገር ቢኖር «ጫማህን ቀይር፤ ደግሞም ፀሐይ ሳይወጣ ጣራ አትውጣ» ነው።

ስንት ቦታ ዞርን! ለሚ ትምህርት ቤት ላይ ሦስት ሳምንት ቆይተናል። ጣርማ በር ላይ ጉም አራት ቀን አላነሳ ብሎ ቆርቆሮው እርጥብ ሆኖ ሲያስቀምጠን፣ ኃላፊያችን ጓድ ዘለቀ በስልክ ይጮህ ነበር። ጋሽ እንድሪስ መነጋገሪያውን ተቀብለው፣ «ጓድ ዘለቀ፣ ጉሙ እንዲነሳ የሚያዝ ደብዳቤ ይጻፉልንና ወዲያው እንጀምራለን» አሉ። ስልኩ ተዘጋ። ያን ቀን ከሳቅ ብዛት ሆዴን ይዤ መሬት ተቀምጫለሁ። ሥጋ የእኔን እሳቸው አይበሉ፣ የእሳቸውን እኔ አልበላ፤ ስለዚህ መንገድ ላይ ዓመቱን ሙሉ ሽሮና ምስር ነው። «እኔና አንተን አንድ ላይ ያስቀመጠን ሽሮ ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ሽሮ ሲቀርብልኝ ብቻዬን ፈገግ የምለው በዚህ ነው፤ ባለቤቴ ግን ወጡ ጥሞኝ ይመስላታል።

ወደ ክፉው ነገር ልምጣ።

ከአንኮበር ወደ ቆላው በሚወርደው መንገድ አካባቢ አንዲት ትንሽ ጤና ጣቢያ ተሠራች። ስሟን አልጠራም። መስከረም መጨረሻ ላይ ደረስን። ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ቅባቱ በዓይን ይታያል። ከአሸንዳው ሥር ሁለት ትልልቅ በርሜሎች ቆመዋል። ጋሽ እንድሪስ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ፤ የጤና ረዳቷ፣ አስካለ የምትባል ደፋር ሴት፣ «ሕመምተኛው ነዋ የሚጠጣው፤ ምንጩ ሁለት ገደል ማዶ ነው» አለቻቸው። ጋሽ እንድሪስ ወደ እኔ ዞሩ። «ይሄን ሁለት ጊዜ ነው የምናጥበው።»

በዚያው ሳምንት የልጃቸው የዘሃራ ኒካህ፣ የጋብቻዋ ሥርዓት፣ ነበር። አልዩ አምባ ቅርብ ነውና የአምስት ቀን ፈቃድ ጠይቀው ወረዱ። ሲሄዱ እንዲህ አሉኝ፦ «እስክመለስ አጥበህ ጨርስ። አናት ላይ እንዳትወጣ፤ በመሰላል የሚደረስበትን ብቻ እጠብ። የቀለም ጣሳ እንዳትከፍት።»

አንድ ቀን አጠብኩ። ካፊያ እየጣለ፣ እጄ እየደነዘዘ፣ የአንዱን ፊት ሩብ እንኳ አልጨረስኩም። በማግስቱ ጓድ ዘለቀ በመሥሪያ ቤቱ መኪና መጣ። ሐሙስ ዕለት ከበላይ እንግዶች መጥተው ጤና ጣቢያዋን ይመርቃሉ፤ ጣራው አረንጓዴ ሆኖ መገኘት አለበት። ጋሽ እንድሪስ የሉም፣ ገና አልታጠበም አልኩት።

«ጌታነህ፣ አንተ ራስህን የቻልክ ባለሙያ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። «እስከ መቼ የአንድ ሽማግሌ ጭራ ሆነህ ትኖራለህ? ይሄን ሥራ ለብቻህ ከተወጣኸው ቡድን መሪ የማትሆንበት ምክንያት አይታየኝም።»

ማስፈራራት አልነበረም። ቢያስፈራራኝ ኖሮ ዛሬ ሰበብ ይሆነኝ ነበር። አሞገሰኝ እንጂ አላስፈራራኝም። ባለሙያ መባሉ ጣፈጠኝ። ጨርቅ በቤንዚን ነክሬ ጣራውን ላይ ላዩን ወለወልኩና የቀለሙን ጣሳ ከፈትኩ። የግቢውን ዘበኛ በገመዱ ጫፍ አስሬ፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እየሮጥኩ፣ በሁለት ቀን ጨረስኩት። እንዴት ያምር እንደነበር! ከሩቅ መንገድ ላይ ያበራ ነበር። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ ጓድ ዘለቀ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ተኮፈስኩ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ እንድሪስ ሎሚያቸውን ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው መጡ። ከበሩ ላይ ቆመው ጣራውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አጥበኸዋል?»

«አዎ።»

«ሁለት ጊዜ?»

«ሁለት ጊዜ።»

«ውሃው ተኛ?»

«ተኛ፣ ጋሽ እንድሪስ።»

ከረጢቱን መሬት አስቀመጡ። ከኪሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ተምር አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። «ከዘሃራ ኒካህ ነው። ብላ፣ ደክሞሃል» አሉኝ። ከዚያ የርክክቡን ወረቀት ተቀብለው፣ ሥራው በደንቡ መከናወኑንና ከጣራው የሚወርደው ውሃ ለመጠጥ የሚሆን መሆኑን የሚያረጋግጠው መስመር ላይ ፈረሙ። በጥፍራቸው የቀለሙን ጫፍ ጫር ቢያደርጉት ወዲያው ያውቁት ነበር። አልጫሩም። ያልጫሩት እኔን ስላመኑ ነው። ተምሩን በላሁት።

በልግ ገባ። የመጀመሪያው ጠንካራ ዝናብ ሲመታው ቀለሙ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ እየተገፈፈ ወረደ፤ መዳፍ መዳፍ የሚያህል፣ ክንድ የሚያህል ልጣጭ። አሸንዳው ተደፈነ፤ የተረፈው በርሜሎቹ ውስጥ ገባ። ውሃ ሊቀዱ የመጡ ሴቶች አረንጓዴ ነገር ሲንሳፈፍ አይተው ጮኹ። አስካለ ሁለቱንም በርሜሎች በእጇ ገልብጣ ደፋቻቸው። የታመመ ሰው የለም፤ ይህን ደግሜ ደጋግሜ አጣርቻለሁ። ግን ያን በልግና ክረምት የሕመምተኛ ቤተሰብ ሁሉ በጭቃ ሁለት ገደል እየተሻገረ ውሃ ተሸከመ። ወሬው ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ደብረ ብርሃን ገባ፤ የሕዝብ ውሃ ተመርዟል ተባለ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር ስሙ አንድ ነበር፤ አሻጥር። የቢሮው አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ከፊት ጠረጴዛው ላይ አንድ ትልቅ የቀለም ልጣጭ በጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። ሰብሳቢው የርክክቡን ወረቀት አነሳና «ይህን የፈረመው ማነው?» አለ። ጋሽ እንድሪስ ተነሱ። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ልጣጩን በሁለት ጣታቸው አንስተው ገለበጡት። የጀርባው ወገን ያብረቀርቅ ነበር፤ ቅባቱ እንዳለ ከቀለሙ ጋር ተነሥቷል። አሸተቱት። ከዚያ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል፣ እኔን አዩኝ። ሦስተኛው አግዳሚ ወንበር ላይ ነበርኩ። ጓድ ዘለቀ መስኮት መስኮቱን ያያል።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ ጋሽ እንድሪስ።

«ለምን እንዲህ አደረግህ? ማን አዘዘህ?»

«ማንም አላዘዘኝም። ፊርማው የኔ ነው አልኩኮ። የፈረመ ይጠየቃል።»

እኔ መነሣት ነበረብኝ። ዛሬም ያ አግዳሚ ወንበር ከሥሬ አለ፤ ተነሥ ብዬ እጮኽበታለሁ፣ ያ ጎረምሳ አይነሣም። ወሰዷቸው።

ክረምቱን ሙሉ ታስረው ከረሙ። ቤተሰባቸው ሩቅ ስለሆነ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፤ ሽሮ። ዘበኛው አጠገባችን ቆሞ ያዳምጣል። አንድ ቀን ድፍረት አግኝቼ «ጋሽ እንድሪስ፣ ያ ጣራ...» ብዬ ስጀምር ክዳኑን ከፍተው፣ «ጨው አንሶታል» አሉኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ልጀምር ስል፣ «ዝናቡ እንዴት ነው? መዘዞ ያለው ጣራችን አላፈሰሰም?» አሉ። በዚያ ክረምት ስለዚያ ጣራ አንድ ቃል አልተነጋገርንም።

መስከረም ላይ ፈቷቸው፤ ከሥራ ግን ተሰናበቱ። ዕቃቸውን ተሸክሜ አብሬያቸው እስከ አንኮበር ሄድኩ። ቁልቁለቱ የሚጀምርበት ቦታ ላይ ስንደርስ ዕቃውን አወረድኩና እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ያልታጠበ ቆርቆሮ ቀብቼ ዋሽቼዎታለሁ፣ አውፍ ይበሉኝ አልኩ፤ ይቅር ይበሉኝ ለማለት የእሳቸውን ቃል ነው የተጠቀምኩት።

አነሡኝ። አቧራውን ከጉልበቴ ላይ በእጃቸው አራገፉልኝ። «አውፍ ብዬሃለሁ። ወላሂ፣ ልቤ ውስጥ ምንም የለም» አሉ።

«እንግዲያው ይመለሱ። ለጓድ ዘለቀም ያን ስብሰባ ለመራው ኮሚቴም ሄጄ እናገራለሁ። ተመልሰው አብረን እንሠራለን።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «መናገሩ ያንተ ጉዳይ ነው። ተናገርም አትናገርም አልልህም። ገመድ ግን ከእንግዲህ ካንተ ጋር አላስርም፣ ጌታነህ። ቂም ይዤብህ እንዳይመስልህ። ጣራ ላይ ሆኜ፣ ያ ልጅ ምን እያደረገ ይሆን ብዬ ዞሬ አይሃለሁ። ጣራ ላይ ዞሮ የሚያይ ሰው ደግሞ ይወድቃል።»

ዕቃቸውን ተሸክመው ወረዱ። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነጩ ቆብ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ። ሳይዞሩ ሄዱ።

ለኮሚቴው እናገራለሁ ብዬ ሳልናገር ቀረሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈራሁ፤ በሁለተኛው ወር ባለቤቴ አረገዘች፤ በዓመቱ ቡድን መሪ አደረጉኝ። ያቺን ጤና ጣቢያ ራሴ ሄጄ፣ የተረፈውን ቀለም በእንጨት ፍቄ፣ ሁለት ጊዜ በእንዶድ ሁለት ጊዜ በሎሚ አጥቤ፣ ውሃው ሲተኛ አይቼ እንደገና ቀባኋት፤ እስከማውቀው ድረስ አልተላጠችም። ከብዙ ሰው ጋር ገመድ አስሬያለሁ፤ ጎበዞች ነበሩ። ገመዱ ግን ገመድ ብቻ ሆነብኝ። ከወዲያ ማዶ ሰው እንዳለ ወገቤ ነግሮኝ አያውቅም። አንዳንድ ጠዋት ጣራ አናት ላይ ሆኜ ሳላስበው አንዴ ሳብ አደርጋለሁ፤ የወዲያኛው ሰው «ምን ፈለግህ?» ብሎ ይጮኻል። ምንም አልፈለግሁም። ጋሽ እንድሪስን ነበር የፈለግሁት።

እሳቸው አልዩ አምባ ሆነው እርሻም ወፍጮም ሞካክረዋል ይባላል፤ ብሩሽ ግን አልነኩም። አንዴ ገበያ ላይ ሎሚ ስገዛ ነጋዴውን ስለ ጋሽ እንድሪስ ጠየቅሁት። «የቱ እንድሪስ? ያ ውሃ የመረዘው?» አለኝ። ሎሚዬን ይዤ ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የዘሃራ አማቶች በነገር ቁጥር የአባቷን እስር እያነሡ አፏን እንደሚያስይዟት ሰማሁ። ያን ቀንም ዝም አልኩ።

በታሰሩ በስምንተኛው ዓመት፣ ገና በደርግ ጊዜ፣ ጋሽ እንድሪስ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለማንም ሳልናገር ከአንኮበር ቁልቁል በእግሬ ወረድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ በቤት ውስጥ ናቸው። አብሯቸው የሠራ የደብረ ብርሃን ሰው መሆኔን ሲሰሙ በክብር ቦታ ለቀቁልኝ። ከተቀመጡት ውስጥ የቀበሌው ሊቀ መንበር አሉበት፤ ደብተራቸው ጭናቸው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ጋሽ እንድሪስ ደግ ደጉን ያወራል። አንድ ጢማቸው በሂና የቀላ አዛውንት በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አላህ ይርሀመው፣ እንድሪስ ደግ ሰው ነበር» አሉ። «ያ የውሃው ነገር ባይኖርበት።»

ሁሉም በኀፍረት መሬት መሬቱን አየ። በዚያ ጊዜ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት ከቤት ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። አይቻት አላውቅም፤ ግን አባቷን ቁርጥ ነበረች። ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች። ከሴቶቹ ወገን ለምን ወደ ወንዶቹ እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም።

ተነሣሁ። ሊቀ መንበሩን አየሁ፣ ደብተራቸውን አየሁ፣ ደብረ ብርሃን የተውኳቸውን ልጆቼን አሰብኩ። ይህን ጊዜ ግን ቆሜያለሁ።

«አባቶቼ፣ ጋሽ እንድሪስ የማንንም ውሃ አልመረዙም» አልኩ። «ያን ጣራ የቀባሁት እኔ ነኝ። ሳላጥበው ቀባሁት፤ አጥቤዋለሁ ብዬ ዋሸኋቸው፤ አምነውኝ ፈረሙ። ስሜ ጌታነህ ይባላል። መጻፍ የፈለገ ይጻፈው።»

ሊቀ መንበሩ ደብተራቸውን አልከፈቱም። ዘሃራ ከበሩ ላይ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ መጣች።

«አባቴ ነግሮኛል» አለችኝ፣ ቀስ ብላ። «ገና ከእስር በወጣ ሰሞን ነው የነገረኝ። ጌታነህ ራሱ እስኪናገር ድረስ ለማንም እንዳትናገሪ፤ አንድ ቀን ይናገራል አለኝ። ባሌ ቤት ሲሰድቡኝ ስንቴ ምላሴ ላይ መጥቶ መለስኩት። ከደብረ ብርሃን ሰው መጣ ሲባል እርስዎ መስለውኝ፣ ዛሬም ዝም ብለው እንዳይሄዱ ብዬ ነው የወጣሁት።»

ከእኔ ዞር ብላ ወደ ተቀመጡት ወንዶች፣ ወደ ሊቀ መንበሩና ወደ አዛውንቱ፣ ከእነሱም ኋላ ወደ ቆሙት ወደ ባሏ ወንድሞች አንድ በአንድ ተመለከተች።

«ሰማችሁ?» አለች።